ከሰማይ የወረደው ፈሳሽ፦ የ1928ቱ የኢፕሪት ጥቃት፣ የላስታ ትውስታና የአደጋ መከላከል ዕውቀት



የዚህ ተከታታይ ንግግር አዘጋጆች የሰጡኝ ርእስ አንድን የታሪክ መምህር የሚያስደነግጥ ነበር። የእሳት አደጋ ሠራተኞች መርዛማ ፈሳሽ ኬሚካል በፈሰሰበት ቦታ ራሳቸውን ጠብቀው እንዴት እንደሚሠሩ ተናገር አሉኝ። ከእኔ በፊት የተናገሩት የኬሚስትሪና የምሕንድስና ባልደረቦቼ ናቸው። እኔ ግን በሕይወቴ የውኃ ቱቦ ይዤ እሳት አጥፍቼ አላውቅም። እምቢ ልል አስቤ ነበር። ኋላ ሳሰላስለው ግን ጉዳዩ ከሙያዬ የራቀ ሆኖ አላገኘሁትም። በአገራችን ታሪክ እጅግ የከፋው የመርዛማ ፈሳሽ መፍሰስ የደረሰው በፋብሪካ ውስጥ አይደለም፤ በመጋዘንም አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ከአውሮፕላን ወርዶ በተከዜ ዳርቻ፣ በኮረም ሜዳና በአሸንጌ ሐይቅ ዙሪያ ነው። እነዚህ ሁሉ ለተወለድኩበት ለላስታ ጎረቤቶች ናቸው። ተከዜማ ከዚያው ከላስታ ተራሮች ይመነጫል።

ስለ ጥቃቱ ግፍነት ብዙ ተጽፏል፤ መጻፍም ነበረበት። ዛሬ የማነሣው ሌላ ጥያቄ ነው። ያ ፈሳሽ በወረደ ጊዜ ሰዎች ምን አደረጉ? ማን ምን ዐወቀ? የታወቀውስ የት ደረሰ?

በቃሉ ልጀምር፤ ቃሉ ብዙ አሳስቶናልና። እኛ «የመርዝ ጋዝ» ወይም «የመርዝ ጢስ» እንላለን። ፈረንጆቹም ጋዝ ይሉታል። ኢፕሪት ግን ጋዝ አይደለም። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1917 ጀርመኖች ለመጀመሪያ ጊዜ ከተጠቀሙበት ከቤልጅጉ ከተማ ከኢፕር ነው። ዘይት የሚመስል፣ ከውኃ የሚከብድ፣ ነጭ ሽንኩርትን ወይም ሰናፍጭን የሚያስታውስ ሽታ ያለው ፈሳሽ ነው። ቀስ እያለ ይተናል፤ ትነቱም ከአየር አምስት እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይወርዳል። በውኃ ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም፤ በስብና በቅባት ውስጥ ግን ይሟሟል። ቆዳን፣ ጨርቅን፣ ቆይቶም ጫማንና ተራ ጎማን ሰርጎ ያልፋል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሲነካ አለማሳመሙ ነው። ቃጠሎው የሚሰማው ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግሥቱ ነው። ያን ጊዜ ግን ጉዳቱ ደርሶ አልቋል።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ጋዝ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው አፍንጫውን ይሸፍናል፤ ነፋሱ እስኪወስደውም ይጠብቃል። ፈሳሽ ነው ብሎ የሚያስብ ግን መሬቱን ያያል፤ እግሩን፣ ልብሱን፣ የሚጠጣውን ውኃ፣ ከብቱ የሚግጠውን ሣር ይጠረጥራል። በ1928 የሞትና የሕይወት ድንበር ያለው በዚህ ላይ ነበር።

የዘመኑን ቅደም ተከተል የምታውቁት ስለሆነ በአጭሩ ላስታውስ። የጣሊያን ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 መረብን ተሻገረ። ጣሊያን በመርዛማ ጋዞች መጠቀምን የሚከለክለውን የ1925ቱን (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ፕሮቶኮል ካጸደቀች ሰባት ዓመት ሆኗት ነበር። ልዑል ራስ እምሩ ኋላ እንደመሰከሩት፣ በታኅሣሥ ወር አጋማሽ ገደማ አውሮፕላኖች በተከዜ አካባቢ በጦራቸው ላይ የተለመደውን ቦምብ ሳይሆን በርሜል የሚመስል እንግዳ ነገር ጣሉ፤ በርሜሎቹ መሬቱን ወይም ወንዙን ሲነኩ እየተሰነጠቁ ቀለም የሌለው ፈሳሽ በዙሪያቸው ረጩ። ጥቂት ቆይቶ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች እጃቸው፣ እግራቸውና ፊታቸው ውኃ ቋጠረ። ሙሶሊኒ በማናቸውም ጋዝ በሰፊው መጠቀምን ለማርሻል ባዶሊዮ በቴሌግራም የፈቀደው ታኅሣሥ 18 ነው። ፈቃዱ ከድርጊቱ በኋላ መድረሱን ልብ ይሏል።

መሣሪያው ሲ 500 ቲ የሚባል ቦምብ ነበር። በውስጡ 212 ኪሎ ግራም ያህል ኢፕሪት ይይዛል፤ የተሠራውም ከመሬት በላይ ባለ ከፍታ ፈንድቶ ፈሳሹን እንደ ዝናብ እንዲያዘንብ ነው። ከዚያም አውሮፕላኖቹ ላይ መርጫ ተገጠመ፤ እየተከታተሉ ሲረጩ አንዱ ደመና ከሌላው ይገናኝ ነበር። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 በጄኔቫ ለመንግሥታት ማኅበር ሲናገሩ በወታደሩ ብቻ ሳይወሰኑ ሴቶችና ሕፃናትን፣ ከብቱን፣ ወንዙን፣ ሐይቁንና ግጦሹን አንሥተዋል። ይህ ዝርዝር ብዙ ጊዜ እንደ ንግግር ማሳመሪያ ይነበባል። እኔ የማነበው ግን የብክለት ካርታ አድርጌ ነው። ፈሳሹ የት የት እንዳረፈ የሚናገር፣ በዚያ ዘመን ከተሰጡት ሁሉ የተሟላ መግለጫ ነው።

አሁን ወደ መልሱ እንምጣ።

የመጀመሪያው መልስ በደመ ነፍስ የመጣ ነው፤ መደበቅ። በደጋ አገር ያደገ ሰው ከአውሮፕላን ሲሸሽ ወዴት ይሄዳል? ወደ ሸለቆ፣ ወደ ገደል ሥር፣ ወደ ዋሻ። ዋሻ በአገራችን የመሸሸጊያና የጸሎት ቦታ ነው። የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በኮረም ሳሉ የጦር ሰፈራቸው ዋሻ ነበር። ከተራ ቦምብ ዋሻ ያድናል። ከአየር የሚከብድ ትነት ግን የሚጠራቀመው በዚያው በዝቅተኛውና በተዘጋው ቦታ ነው። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በሚያዝያ 1931፣ በመንዝ በአመጸኛ ዋሻ የተጠለሉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው ላይ የደረሰው ይህንኑ አሳይቷል፤ የጣሊያን ጦር በዋሻው አፍ ኢፕሪትና ሌላ መርዝ አስገብቶ ብዙዎችን ፈጅቷል። ለብዙ መቶ ዓመታት ያዳነ ልማድ ለአዲሱ አደጋ ወጥመድ ሆነ። ይህን ስል ሰዎቹን ለመንቀፍ አይደለም። ማናችንም ያደጋነው ብልሃት ነው የሚመጣልን።

ሁለተኛው መልስ ጭንብል ነበር። በአዲስ አበባ በልዕልት ፀሐይ የሚመራው የሴቶች ማኅበር የእንግሊዝ ሚኒስትር ባለቤት ከሆኑት ከሌዲ ባርተን ጋር ሆኖ የጨርቅ ጭንብል እያሰፋ ወደ ግንባር ይልክ ነበር። እነዚያን ሴቶች አደንቃቸዋለሁ፤ በዚያ የጭንቅ ሰዓት በእጃቸው ያለውን ሠርተዋል። ነገር ግን ጭንብሉ የታሰበው «ጋዝ» ለተባለው ነገር ነው። በባዶ እግሩ የሚዘምት ሠራዊት በእርጥብ ሣር ላይ ሲሄድ የሚቃጠለው ከእግሩ ነው። ነጠላና ጋቢም ፈሳሹን መጥጦ ከገላ ጋር አጣብቆ ያቆየዋል። ለእሳት ቃጠሎ ቅቤ መቀባት የለመደ ሰው ገላው ላይ ገና ፈሳሹ ሳለ ቅቤ ቢቀባ ደግሞ መርዙን ሟሟቶ ያሰፋዋል።

ሦስተኛው መልስ የቀይ መስቀል ነው። ጥቂት የውጭ አገር የሕክምና ጓዶች በሰሜን ግንባር ነበሩ፤ በዶክተር ጆን ሜሊ የሚመራው የእንግሊዝ አምቡላንስ አንዱ ነው። የካቲት 25 ቀን 1928 በኮረም አካባቢ የነበረው ሰፈሩ ቦምብ ተጣለበት። በዚያው ጓድ የነበሩት ዶክተር ማክፊ ያዩትን ቃጠሎ በማስታወሻቸው ጽፈዋል፤ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ተጠሪ ማርሴል ጁኖም በኮረም ሜዳ የወደቁትን ቁስለኞች አይቶ ለዓለም ተናግሯል። ምስክርነታቸው ወርቅ ነው። ሆኖም እንደ አደጋ መከላከል ታሪክ ስናነበው፣ ሐኪሞቹ የሚያገኙት ቁስሉን እንጂ ፈሳሹን አልነበረም። በሽተኛው ከሰዓታት ወይም ከቀናት ጉዞ በኋላ ይደርሳል። በቦታው ላይ ሆኖ ልብስ የሚያስወልቅ፣ ገላ የሚያጥብ፣ መሬቱን የሚከልል ማንም የለም። ዛሬ ያ ሥራ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሥራ ነው።

ስለ አየሩም አንድ ነገር ልበል፤ የታሪክ ጸሐፊዎች የዘለሉት ይመስለኛልና። ንጹሕ ኢፕሪት ከ14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይረጋል። ኮረምም ሆነ አሸንጌ፣ ላሊበላም ቢሆን፣ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ የመጋቢትና የሚያዝያ ሌሊት ከዚያ መጠን በታች ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ፈሳሹ ሌሊት በድንጋይና በሣር ላይ ደርቆ ያድርና፣ ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ቀልጦ መትነን ይጀምራል። በቆላ ቶሎ ተንኖ የሚያልቀው በደጋ ለቀናት ይቆያል። ሌሊት በሰላም ያለፈ ጓድ የሄደበት መንገድ ረፋድ ላይ ሌላውን ያቃጥላል ማለት ነው። ጦሩ ደግሞ ከአውሮፕላን ለመሸሽ በሌሊት ይጓዝ ነበር።

መጋቢት 22 ቀን የማይጨው ጦርነት ሆነ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት የሚያፈገፍገው ሠራዊት በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ ከአየር ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ ከተረፈው ጦር ጋር በላስታ ተራሮች አቋርጠው፣ በሚያዝያ መጀመሪያ ላሊበላ ገብተው ጸለዩ። ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ በጠላት እጅ ወደቀች። የመጽሐፍ ታሪክ በላሊበላ የሚያየው የንጉሡን ጸሎት ነው። ከኋላ በየጎጡ የገባውን የሚያስታውሰው የየቤቱ ወሬ ነው።

ከዚያ ወሬ አንዱን እነግራችኋለሁ። የቃል ታሪክ ነው፤ ከአያቴ የሰማሁት ነው፤ እርሷ በዚያን ጊዜ ልጅ ነበረች። እንደ ማስረጃ ሳይሆን እንደ ምልክት ውሰዱት። ታላቅ ወንድሟ ከማይጨው ሲመለስ እግሩ ቆስሎ፣ ዓይኑ አብጦ፣ በበቅሎ ተጭኖ ደረሰ። እናቷ፣ ማለትም ቅድመ አያቴ፣ ልጇን አቅፋ አልተቀበለችውም። ከግቢው ውጭ፣ ከቤቱ በታች ባለው ፈረፈር ላይ አስቆመችው። ልብሱን በሙሉ እንዲያወልቅ አዘዘችው፤ ያወለቀውን ማንም እንዳይነካ ከለከለች። በእንዶድና በብዙ ውኃ ታጥቦ፣ ሌላ ልብስ ለብሶ ነው የገባው። ውኃው የሚወርደውም ከምንጩ ተቃራኒ ወደሆነው ወገን እንዲሆን አድርጋ ነበር። ጋቢውን ጥሩ ጋቢ ነው ብሎ ከሁለት ቀን በኋላ ያነሣው እረኛ እጁ ውኃ ቋጠረ ይባላል። ከዚያ በኋላ ጨርቁ ሁሉ በእንጨት እየተገፋ ጉድጓድ ገብቶ ድንጋይ ተጫነበት።

ይህችን ሴት ኬሚስትሪ ማን አስተማራት? ማንም። አያቴን ጠይቄያት ነበር፤ መልሷ ቀላል ነው፦ «ከዘመቻ የሚመጣ ሰው ተስቦና ቅማል ይዞ ይመጣል፤ እንዲህ ነው የሚገባው።» ለተስቦ የተበጀ ሥርዓት ለኢፕሪት ሠራ። ለልጇ ገላ ዘግይቶ ነበር፤ ከስንት ቀን በኋላ መታጠብ ቃጠሎን አያስቀርም። ለቤቱ ግን አልዘገየም። በአደጋ መከላከል ትምህርት ይህ ሁለተኛ ብክለት ይባላል፤ ተጎጂው የተሸከመው ነገር ረዳቱን እንዳይጎዳ መጠበቅ ነው። ታላቅ አጎቴ አንድ ዓይኑ ፈዞ፣ ሲያስለው ኖሮ፣ በደርግ ዘመን ዐረፈ። ከቤተሰቡ ሌላ የተጎዳ የለም።

ይህን ነገር ስናገር የገበሬ ብልሃት ከሳይንስ ይበልጣል ለማለት እንደሆነ የሚጠረጥር ባልደረባ አይጠፋም። አይደለም። ያው ልማድ ከአውሮፕላን ሲሸሹ ወደ ዋሻ እንዳስገባቸው አሁን ተናግሬያለሁ። ይልቅስ ሳይንስ ባለበት ቦታ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ኅዳር 22 ቀን 1936 (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ቀን 1943) የጀርመን አውሮፕላኖች የደቡብ ጣሊያን ወደብ የሆነችውን ባሪን ደበደቡ። ከተመቱት መርከቦች አንዷ ጆን ሃርቪ የተባለችው የአሜሪካ መርከብ ነበረች፤ በምሥጢር የኢፕሪት ቦምብ ጭናለች። ፈሳሹ በባሕሩ ላይ ከፈሰሰው ዘይት ጋር ተደባለቀ። መርከበኞቹ ከዚያ ውስጥ ወጡ፤ ሆስፒታል ደረሱ። ነርሶቹና ሐኪሞቹ ስለ ጭነቱ የነገራቸው ስላልነበረ፣ ብዙዎቹን ከነእርጥብ ልብሳቸው በብርድ ልብስ ጠቅልለው አስተኟቸው። በማግሥቱ ዓይኖች ተዘጉ፤ ገላ ውኃ ቋጠረ። ስቱዋርት አሌክሳንደር የተባሉ አሜሪካዊ የጦር ሐኪም ነገሩን ከምልክቱ ተነሥተው እስኪደርሱበት ቀናት አለፉ። 628 ተጎጂዎች ተመዝግበው 83ቱ ሞቱ፤ የከተማው ነዋሪ በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም። እዚያ ሳሙናም፣ ውኃም፣ መድኃኒትም፣ የተማረ ሰውም ነበር። የጎደለው አንድ መረጃና ልብስ የማስወለቅ ትእዛዝ ነው።

እንግዲህ የእሳት አደጋ ሠራተኛው የዛሬ ሥርዓት ከእነዚህ ዓይነት ሬሳዎች የተጻፈ ነው ብል አላጋነንኩም። ሠልጣኝ የሚማረው መጀመሪያ ነገር አለመቸኮል ነው። ሰው ወድቆ እያየ መቆም ከባድ ነው፤ ግን ሳያውቅ የገባ ረዳት ሁለተኛ ተጎጂ ይሆናል። ከነፋሱ መምጫ በኩል፣ ከመሬቱም ከፍ ካለው በኩል ይቀርባል። በርቀት ሆኖ፣ ቢቻል በመነጽር፣ ተሽከርካሪው ላይ ያለውን ምልክት ያነባል። ዓለም አቀፉ ብርቱካንማ ሰሌዳ ከላይ የአደጋውን ዓይነት፣ ከታች ባለ አራት አሐዝ የዕቃውን ቁጥር ይይዛል፤ 33 ከላይ፣ 1203 ከታች ካለ ቤንዚን ነው፤ 6 የሚል አሐዝ ካለበት መርዝ አለ። ዕቃው እስኪታወቅ ድረስ ለፈሰሰ መርዛማ ፈሳሽ በሁሉም አቅጣጫ ቢያንስ 50 ሜትር ይከለላል፤ እንደ ዕቃው ዓይነት ከዚያ በእጅጉ ሊሰፋ ይችላል። ከዚያ ቦታው በሦስት ይከፈላል፦ የተበከለው፣ የማጽጃው፣ ንጹሑ። ወደ ተበከለው የሚገባ ብቻውን አይገባም፤ ሁለት ሆኖ ነው፤ ሌሎች ሁለት ለብሰው ውጭ ይጠብቃሉ። የማጽጃው መስመር ሳይዘጋጅ ማንም አይገባም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለብዙዎች እንግዳ ነው፤ ሰው መውጫውን የሚያዘጋጀው ከመግባቱ በፊት ነው።

ልብሱም አንድ ዓይነት አይደለም። ለእሳት የሚለበሰው ካፖርት ለኬሚካል አይሆንም፤ ፈሳሹን እንደ ጋቢ ይመጥጣል። የኬሚካል ልብስ ጨርቁ የሚመረጠው እንደ ኬሚካሉ ነው፤ እያንዳንዱ ጨርቅ ለእያንዳንዱ ኬሚካል የሚሸነፍበት ጊዜ አለውና። ውኃም ሁልጊዜ ወዳጅ አይደለም። በቱቦ አጥቦ መግፋት ማለት መርዙን ወደ ታች ጎረቤት መላክ ነው፤ አንዳንዱ ኬሚካል ደግሞ ከውኃ ጋር ይቆጣል። ስለዚህ በአፈርና በአሸዋ ይገደባል፤ የቦይ አፍ ይደፈናል፤ በሚመጥጥ ነገር ይሰበሰባል። ሲወጡ ልብሱ ላይ ሳለ ይታጠባል፤ ከዚያ ውስጡ ወደ ውጭ እየተገለበጠ ይወልቃል፤ ጭንብሉ በመጨረሻ። የተበከለ ሰው ሲገኝ ልብሱ ይወልቃል፤ ከገላው ላይ ካለው አብዛኛው ከልብሱ ጋር ይሄዳልና፤ ቀጥሎ በብዙ ውኃና ሳሙና ይታጠባል። የእጥበቱ ውኃም የት እንደሚሄድ ይታሰባል።

ይህን ሁሉ ሳነብ ከፈረፈሩ ላይ የቆመችው ቅድመ አያቴ ትታየኛለች፤ አልደብቅም።

ጉዳዩ የጥንት እንዳይመስላችሁ። ከወልዲያ በድልብ ዳገት ወጥቶ በጋሸና ወደ ደብረ ታቦር የሚያልፈው፣ ሕዝቡ የቻይና መንገድ የሚለው መሥመር፣ ነዳጅ የጫኑ ቦቴዎች ሲያቃስቱበት ይውላሉ። ከጋሸና ወደ ሰሜን የሚገነጠለው ወደ ላሊበላ ይወስዳል። በዳገቱ ጠርዝ ላይ የተገለበጠ ቦቴ የሚያፈሰው ሁሉ የሚወርደው ወደ ጅረት ነው። በቦቴው ዙሪያ ጀሪካን ይዞ የሚሮጠውን ሕዝብ ታውቁታላችሁ። ቤንዚን ሲሆን በእሳት ያልቃል። ጸረ ተባይ ወይም አሲድ ሲሆንስ? ከሁሉ በፊት የሚደርሰው ረዳት እንግዲህ በአብዛኛው እረኛ፣ ሾፌር፣ የቀበሌ ሚሊሻ ነው። የሠለጠነው ቡድን እስኪመጣ ሰዓታት ያልፋሉ፤ በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ የሚታወቀው ነገር ነው ወሳኙ።

የታሪክ ሰዎች ድርሻ እዚህ ላይ ነው። የጣሊያን የመከላከያ ሚኒስቴር በጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ አንጄሎ ዴል ቦካና ጆርጆ ሮሻ ከብዙ ዓመት ክርክር በኋላ የዘጉት በር ነው። ስድሳ ዓመት የታገልነው መሆኑን ለማስመስከር ነበር። ትግሉ ተገቢ ነው፤ ዋጋም አስከፍሎናል። «አልሆነም» ለሚል ሰው ስንመልስ፣ «ሲሆን ምን አደረጋችሁ?» ብለን የራሳችንን ሽማግሌዎች ሳንጠይቅ ቀረን። እኔ ራሴ የመመረቂያ ጽሑፌን ስሠራ ስንቱን የማይጨው ዘማች ስለ አለቃው፣ ስለ ጠመንጃውና ስለ ተሰለፈበት ክንፍ ጠይቄ፣ በየትኛው ውኃ እንደታጠበ አልጠየቅኩም። አሁን የሚጠየቅ የለም። ከእናንተ መካከል የራያ፣ የዋግ፣ የላስታ፣ የሽሬ ልጆች አላችሁ። የዘማቾቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ገና አሉ። ስለ ልብሱ፣ ስለ ውኃው፣ ከብቱ ከየት እንዳይግጥ ስለተከለከለበት ቦታ ጠይቁ።

እንዲህ ያለ ቦታ በእኛም አለ። ጨርቁ የተቀበረበትን ቦታ ፍየል አይነዳበትም ነበር፤ ልጅ ሆነን ስንጠጋ አክስቴ በድንጋይ ታባርረን ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ የኬሚስትሪ ባልደረባዬን ጠየቅኩት። ያን ያህል ትንሽ መርዝ በእርጥብ አፈር ውስጥ ይህን ሁሉ ክረምት አልፎ አይቆይም፤ ተበታትኖ አልቋል አለኝ። ደስ ብሎኝ ለአክስቴ ሄጄ ነገርኳት፤ አሁን ሰማንያ አልፏታል። ቀና ብላ አየችኝና «ይሁን፤ እንግዲያው አንተ ቅደም» አለችኝ።